ቀን የሚተኙ ፓፓያዎች

ባለፈው ቅዳሜ ድንች ልጬ፣ ቆራርጬ፣ እንዳይጠቁርብኝ ብዬ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና ረሳሁት። ጎረቤቴ ጠርታኝ ወጣሁ፣ ወሬ ያዘን፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እጄን ሳህኑ ውስጥ ስከት ድንቹ ድንች አልነበረም። አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣቴ ይዤ አጠፍኩት። ጫፍና ጫፉ ተገናኘ እንጂ አልተሰበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ሌላ ይልጣል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ድንች እያጣጠፍኩ፣ ሸሕዲ ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት የማውቃቸውን ሰው አስታወስኩ። ጋሽ ይማም ይባላሉ፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። እንጀራቸውን ላሳጣቸው የቀረኝ ትንሽ ነበር።

ሸሕዲ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አባቴ እዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና ረዳት ነበር። ከተማው ግን በሞላ «ዶክተር» ነው የሚለው፤ እሱም መጀመሪያ ሰሞን «አይደለሁም» ሲል ቆይቶ በኋላ ሰለቸውና ተወው። እናቴ ደጋ ተወልዳ ያደገች ናት። ቆላ ከገባችበት ቀን ጀምሮ «መቼ ነው የምንወጣው?» ሳትል የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ሌላ አየር ስላላየሁ ሙቀት ሙቀት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ በሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ቆሞ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ከደረቀ ፍሬው ተፈልፍሎ መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ገና እርጥብ ሳለ ይታጨድና በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ፣ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል። ለዚህ ሥራ ከወሎም ከጎጃምም ሰው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይጎርፋል። እነዚህን የቀን ሠራተኞች በእኛ አገር ሳሉግ ይሏቸዋል። ከእነሱ ጥቂቶቹ በየዓመቱ ከእርሻው ወደ አባቴ ጤና ጣቢያ ተጭነው ይመጣሉ፤ አንዱ ወባ፣ አንዱ ተቅማጥ፣ አንዱ ፀሐይ ጥሎት።

ጋሽ ይማም የመጡት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተኝተው ነው። ጤና ጣቢያው ከቤታችን ጋር አጥር ለአጥር ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምገባው እዚያ ነበር። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አባቴ ሸሚዛቸውን ገልጦ የሆዳቸውን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆነጠጠና ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ።

«አየሽ?» አለኝ። «ውሃው አልቋል። ያንች ወዲያው ነው የሚመለስ፤ የሳቸው አልተመለሰም።»

ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰካላቸው። መዋጥ ሲችሉ ደግሞ አባቴ ከአንድ ትንሽ ፓኬት ነጭ ዱቄት አውጥቶ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጠበጠና ማንኪያውን ለእኔ ሰጠኝ። በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ያን ማንኪያ በሰጠኝ ጊዜ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ በሌላ ነገር አላገኘሁትም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይማም ተቀመጡ፤ በአራተኛው ቀን ቀልድ ጀመሩ።

«ይቺ ልጅ ናት ያጠጣችኝ?» አሉ። «ጨው ነው ስል ስኳር ስኳር ይለኛል፤ ስኳር ነው ስል ጨው ጨው ይለኛል። ወላሂ እኔ አላወቅሁትም፤ ነፍሴ ግን አውቃዋለች።»

በዚያ ዕድሜዬ ፊደል ያለበትን ሁሉ ሳላነብ አላልፍም፤ ፓኬቱ ላይ «ሕይወት አድን» ይላል። ካነበብኩትና ካየሁት ተነሥቼ አንድ ነገር ደመደምኩ፦ ውሃው አልቆ የተኛ ነገር ሁሉ በዚህ ይነሣል። አባቴም ለዚህ እምነቴ ረድቶኛል። ሳሉጎች ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤታችንን እያንኳኩ ስለሚመጡ፣ አለቃው ሳያውቅ አንድ ካርቶን ሙሉ ፓኬት አልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር።

ጋሽ ይማም ለአጨዳ የሚሆን ጉልበት አልተረፋቸውም። አባቴ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር አነጋገረላቸውና በጊዜያዊነት ዘበኛ ሆነው ገቡ። በጥር ትምህርት ቤቱ አርባ የፓፓያ ችግኝ አመጣና በክፍሎቹ ፊት ለፊት በመስመር ተተከለ። ግቢው ጥላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዳይሬክተሩ በእኛ ፊት «ይማም፣ እነዚህን ለክረምት ካደረስክልኝ ቋሚ ቅጥር እጽፍልሃለሁ» አላቸው።

ቋሚ ቅጥር ማለት ለጋሽ ይማም በሩ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ማለት ነበር። ክፍሏ ማለት ደግሞ ሐያት ማለት ነበረች። ሐያት ወሎ አያቷ ዘንድ የቀረች ልጃቸው ናት።

«እንዳንቺ ናት» ይሉኝ ነበር። «ስድስተኛ ክፍል። አፏም እንዳንቺ ነው፣ አያርፍም። ቤት ሳይኖረኝ የት ላምጣት? እነዚህ ዛፎች ይቁሙልኝ እንጂ በዚህ ክረምት አመጣታለሁ።»

ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ልጅ ቤተሰቦቿ ወደ አብደራፊ ሄደው ስለነበር ወንበሬ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። የሐያትን ነገር ከሰማሁ በኋላ ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ሲመጣ «ሰው አለው» ማለት ጀመርኩ። ማን አለው ሲሉኝ «ከወሎ እየመጣች ነው» እላለሁ። ስለዚህ ፓፓያዎቹ የጋሽ ይማም ብቻ አልነበሩም፤ የእኔም ጉዳይ ነበሩ።

ውሃ በአህያ ጋሪ በበርሜል ይመጣል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት በርሜል። ጋሽ ይማም ሥሩ በሚስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ ነበራቸው። ፀሐይ ሳትወጣና ፀሐይ ስትበርድ፣ ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ለእያንዳንዱ እየቆጠሩ ያጠጣሉ። ፓፓያ እንጨት የለውም። ግንዱን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ጎመን አገዳ ውሃ ያወጣል። ያም ሆኖ በየካቲት እስከ ወገቤ ደረሱ።

መጋቢት ገባ። የቆላ መጋቢት በቀትር ውሻ እንኳ አያስጮህም። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ተለቀን ስንወጣ አርባውም ፓፓያ ቅጠላቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው አየኋቸው። ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ ይማም በክፍሉ ጥግ ባለች የእጅ ስፋት በምታህል ጥላ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ዙሁር እየሰገዱ ነው» አሉኝ ሳይነሡ። የቀትሩን ሶላት ማለታቸው ነው። «ተያቸው። ቀን ይተኛሉ፣ ማታ ይነሣሉ።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። አባቴም ተስፋ የሌለው በሽተኛ አጠገብ ላሉ ዘመዶች «ማታ ይሻለዋል» ይላቸዋል፤ ማታ ደግሞ ቃሬዛ ሲወጣ አይቻለሁ። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ የሚሉት የሚያደርጉት ሲያጡ ነው ብዬ አመንኩ። ጎንበስ ብዬ የአንዱን ቅጠል ዘንግ በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩና ለቀቅኩት። እንደተቆነጠጠ ቀረ። ከዚያ በላይ ምርመራ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ከአልጋው ሥር ሁለት ፓኬት አወጣሁ። በቀትር፣ ጋሽ ይማም ለሶላት ዞር ሲሉ፣ በአንድ የዘይት ቆርቆሮ ውሃ በጠበጥኩና መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ፓፓያዎች አጠጣሁ። ማታ እናቴ ሱቅ ስትልከኝ በዚያ በኩል ዞርኩ። ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል! ሌሎቹ ሠላሳ ሰባትም ቆመው ነበር፤ እነሱን ግን ልብ አላልኳቸውም። ሐኪም የሚያየው የራሱን በሽተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። በየቀኑ ስድስት፣ ስምንት ፓኬት። አምስት ቀን ሳይሞላ ሁሉንም ደረስኳቸው። አንዳንዶቹ ማታም መነሣት ሲከብዳቸው «በሽታው ጠንቷል» ብዬ መጠኑን ጨመርኩላቸው፤ በአንድ ቆርቆሮ አራት ፓኬት። የቅጠላቸው ጠርዝ ቡናማ ሆነና እንደ ወረቀት ደረቀ። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። እኔ ግን እሱን ያየሁት መድኃኒቱ እንደ ሠራ ምልክት አድርጌ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካርቶኑ ባዶ ሆነ፤ የሳሉግ ወቅት ስላለፈ አባቴ ልብ አላለውም።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተሩ ጋሽ ይማምን በተማሪ ሁሉ ፊት ጠራቸው።

«ውሃ ሳላጓድልብህ ተክሌ እንዴት ይደርቃል? ውሃውን ለማን ነው የምትሸጠው?»

«አጠጥቻለሁ ጌታዬ።»

«ካጠጣህማ ይቆሙ ነበር። ዓርብ የወላጅ ኮሚቴው መጥቶ ያያል። ያኔ ለኮሚቴው ትናገራለህ።»

ጋሽ ይማም ቆርቆሯቸውን በእጃቸው ያዟዙሩ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም። የሚያሳፍረኝ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ «እውነት ሸጠውት ይሆን?» ብዬ መጠርጠሬ ነው። እኔ እንዲህ ስለፋ እሳቸው ውሃ ከከለከሏቸው ምን ይደረጋል እያልኩ ቀኑን ሙሉ ተቀየምኳቸው። ሳልፍ ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

ማክሰኞ ሳይንስ ነበረን። መምህር አንተነህ ከጎጃም በዚያው ዓመት የመጣ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው። ሁለት ብርጭቆና አንድ ድንች ይዞ ገባ። ድንቹን በስስ ቆራርጦ ግማሹን በአንደኛው ብርጭቆ፣ ግማሹን በሌላኛው ከተተ። በአንዱ ብርጭቆ ብቻ ጨው ጨመረና ወደኛ ዞረ።

«እስኪ እናንተየ፣ ሣር አጥንት አለው?»

«የለውም!»

«ታዲያ በምንድን ነው የቆመው?»

«በእግዚአብሔር!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«እሱማ እሱ ነው። በምን አድርጎ አቆመው ነው ጥያቄው።»

ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደ ጡብ የተደረደሩ ትንንሽ ቤቶች ሣለ። ተክል ከእነዚህ የተሠራ ነው፣ ሕዋስ ይባላሉ፣ በዓይን አይታዩም አለን። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ከረጢት ሣለ። «ይህች የውሃ ከረጢት ናት። መጽሐፉ ቫኪዩል ይላታል። ተክሉ ውሃውን የሚያኖረው እዚች ውስጥ ነው። ብስክሌት ታውቁ የለም? ከመነዳሪውን ስትነፉት ጎማውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ጎማው ደግሞ አልለቅም ይላል። በመገፋፋቱ ይጠነክራል። ይህም እንዲያው ነው። ከረጢቷ ውሃ ስትሞላ ግድግዳውን ትገፋለች፣ ግድግዳው ይይዛታል፣ ተክሉ ይቆማል። በቀትር በቅጠሉ የሚወጣው ውሃ በሥሩ ከሚገባው ሲበልጥ ከረጢቷ ትጎድላለች፤ ቅጠሉ ይተኛል። ፀሐይ ስትበርድ ሥሩ ይደርስለታል፤ ይነሣል።»

ቀን ይተኛሉ፣ ማታ ይነሣሉ። ጋሽ ይማም ያሉት እንዳለ ነበር።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ድንቹን አወጣ። የንጹሑ ውሃ ድንች ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የጨዉ ድንች በልጆች እጅ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። አጠፍኩት፤ ታጠፈ። ለቀቅኩት፤ እንደታጠፈ ቀረ።

«ጨው ውሃ ይስባል» አለ መምህር አንተነህ። «ከውጭ ጨው ከበዛ፣ ውሃው ከከረጢቷ እየወጣ ወደ ጨዉ ይሄዳል። ቢያጠጡትም ይጠማዋል ማለት ነው።»

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ጨው የጠጣ ተክል ይድናል?»

«ሥሩ ካልሞተና ጨዉ በብዙ ውሃ ከታጠበለት፣ አዎ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ላቤ ጀርባዬን ያቀዘቅዘኝ ነበር፤ ቆላ ውስጥ ብርድ የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንለቀቅ ጋሽ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፦ ካርቶኑን፣ ቆርቆሮውን፣ ድንቹን፣ ከመነዳሪውን። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር።

«እኔን ያነሣ ነገር እነሱን ጣለ?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ቀጥለውም «አባትሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«እንዳያውቅ። ያ ካርቶን የመንግሥት ነው። የኔ ነገር ከዘበኝነት በመውጣት ያልቃል፤ የሱ በዚያ አያልቅም። ያ ሰው ከሞት ነው ያነሣኝ። ሰማሽ? አፍሽን ያዢ። አብሽሪ፣ አፈሩን እናጥበዋለን።»

አጠብነው። ጋሽ ይማም በየግንዱ ዙሪያ የነበረውን የውሃ ገንዳ ወደ ታች በኩል ሸነቆሩና ውሃው ጨዉን ይዞ እንዲወጣ ቦይ አበጁለት። የሳምንቱ ውሃ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። እኔ ከቤት በሁለት በሁለት ሊትር እያመላለስኩ፣ እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ትጠጣለች?» እስክትል ድረስ ማሰሯችንን አጎደልኩ። ሐሙስ ማታ ጋሽ ይማም የራሳቸውን ጀሪካን አምጥተው ገለበጡ። ለሶላት መታጠቢያ ያስቀመጡት ነበር።

«አሁን በምን ይታጠባሉ?»

«ውሃ ሲጠፋ በአፈር ነው። ተፈቅዷል» አሉና መዳፋቸውን ደረቁ መሬት ላይ አሳርፈው ፊታቸውን አበሱ።

ዓርብ ጠዋት ማልጄ ስሄድ ጥቂቶቹ ቆመው ነበር። ቆመው ስል እንደ ድሮው አይደለም፤ ጫፋቸው ላይ ያለች ለጋ ቅጠል ቀና ብላለች። ጋሽ ይማም በጣታቸው እየነኩ «ይቺ አለች፣ ይቺም አለች» ይሉ ነበር። ኮሚቴው ያኔ ቢመጣ ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግረው በሌላ መልክ ነበር።

ኮሚቴው የመጣው ግን በስድስት ሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ፣ መምህር አንተነህ፣ ሁለት ነጋዴዎችና አባቴ። አባቴ «ዶክተር» በመሆኑ ከተማው ውስጥ የማይገባበት ኮሚቴ አልነበረም። እኛ ተለቀን ግቢው ውስጥ ነን። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አርባውም ፓፓያ፣ የዳነውም ያልዳነውም፣ ተኝቷል።

«ይኸው» አለ ዳይሬክተሩ። «ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

«ጌታዬ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆዩልኝ» አሉ ጋሽ ይማም። «አሁን የሚተኙበት ሰዓት ነው። ማታ ይነሣሉ።»

«ለፓፓያ ቀጠሮ እንያዝ?» አለ ዳይሬክተሩ፤ ነጋዴዎቹ ሳቁ። «ውሃውን የት አደረስከው ነው የምልህ!»

ጋሽ ይማም ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸውን አይቻለሁ፤ በግድ ነበር የማያዩት። ከዚያ አባቴን አየሁት፤ የጋሽ ይማምን ፊት እያየ ነበር፣ በሽተኛ በሚያይበት ዓይኑ። አፌን ለመያዝ ቃል ገብቼ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ግን ቃሌን አይደለም፤ ሰኞ ዕለት ሰልፉ ላይ እሳቸውን መቀየሜን ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ስለቀጠነብኝ ደገምኩት። «እኔ ነኝ ጨው ያጠጣኋቸው። ጋሽ ይማም ውሃ አልሸጡም። ሕይወት አድን በጥብጬ እኔ አጠጣኋቸው፤ እንዲነሡ ብዬ።»

ሁሉም አባቴን አየ። አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት ፓኬት?»

«ካርቶኑን ጨረስኩት።»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞሮ «መድኃኒቱ የወጣው ከእኔ ቤት ነው። ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ» አለ። «ይማም ላይ የምትጽፉት ነገር ካለ ይህም ይጻፍበት።»

ያን ጊዜ መምህር አንተነህ ከክፍል ወንበሮች አወጣና በግድግዳው ጥላ ደረደራቸው። «አሥራ አንድ ሰዓት ሩቅ አይደለም» አለ። «እኔ እጠብቃለሁ።» ትምህርቱን ያስተማረው እሱ ስለሆነ መልሱን ማየት ፈልጎ ይመስለኛል። አባቴም ተቀመጠ። ነጋዴዎቹ ወደ ሱቃቸው ሄደው በአሥር ሰዓት ተመለሱ፤ ወሬው ስቧቸው እንጂ ፓፓያው አይመስለኝም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ቅጠሉን አነሣ። ከዚያ ሌላው። ሲነሡ አይታይም፤ ዞር ብዬ ስመለስ ነው ተነሥተው የማገኛቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዳይሬክተሩ ራሱ በመስመሩ እየሄደ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ቆመዋል። ሃያ ሦስቱ አልተነሡም፤ ኋላም አልተነሡም።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያልተነሡትን ንቀልና ሌላ ትከልበት» አላቸው። ይቅርታ ያለው በዚህ ነው። ጋሽ ይማምም «እሺ ጌታዬ» አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ቤት ስንገባ አባቴ አልመታኝም። ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ የነበሩ አራት ፓኬቶች አውጥቶ በዚያው በእኔ ቆርቆሮ በጠበጠና «ቅመሽው» አለኝ። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ፤ ወዲያው ተፋሁት።

«ለሰውም በአንድ ሊትር አንድ ነው» አለ። «ከዚያ ካለፈ ሰውንም ያደርቃል። አንች መትፋት ቻልሽ። እነሱ አይችሉም።»

ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወጣና ወደ አለቃው ቤት ሄደ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረንም። በግንቦት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ደጋ፣ ከመኪና መንገድ የራቀ ጤና ኬላ። ቅጣት ነው ያለው ሰው አልነበረም። እናቴ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ድስቶቿን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች፤ እያንጎራጎረች። በዚያው ሰሞን የጋሽ ይማም ቋሚ ቅጥርም ወጣ። በማግስቱ ወደ ወሎ ሰው ላኩ።

የሄድንበት ቀን ሞቃት ነበር፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም። መናኸሪያው ውስጥ ዕቃችን አውቶቡሱ ላይ እየተጫነ ጋሽ ይማም መጡ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሊሸኙን ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሁለት ጉዳይ ነበራቸው። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ሐያትን ይዞ ከሰዓት በኋላ ይገባል። የእኛው ግን በስድስት ሰዓት ይነሣል። አባቴን ቆይተን እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ ሌላ መኪና የለም አለኝ። አለቀስኩ። ስድስተኛ ክፍል ወንበሬ ላይ ለወራት ቦታ የያዝኩላት ልጅ ስትገባ እኔ በዚያው መንገድ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ጋሽ ይማም ወደ መስኮቴ ተጠጉ። ከበስተኋላቸው፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ይታያል። ከአጥሩ በላይ የረዘሙት ፓፓያዎች በቀትሩ ፀሐይ ቅጠላቸውን ጥለው ነበር።

«ለሐያት ምን ልበልልሽ?» አሉኝ።

ሞተሩ ተነሣ። ዓይኔን ጠረግሁና ወደ አጥሩ አየሁ።

«ቀን ሲተኙ አትደንግጪ በሏት» አልኳቸው።